«ትንሽ ናት፣ ወጥታለች» ከተባለ በኋላ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ በጋዜጦች ብዙ ይጻፋል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። ምርመራው ሳይፈልጋት ስለሚያገኛት አንዲት ነገር ግን እምብዛም አይነሳም። ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በፊንጢጣ በኩል በካሜራ ማየት) የሚሠራው ሐኪም ፖሊፕ (በአንጀቱ ሽፋን ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ) ሲፈልግ፣ ከፊንጢጣ 5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከአንጀቱ የውስጥ ሽፋን ሥር የተቀመጠች፣ ላይዋ ለስላሳ የሆነ፣ ወደ ቢጫ የምታደላ፣ ከምስር እስከ ሽንብራ የምታህል ጠጠር ያለች እብጠት ያያል። ብዙ ጊዜ ፖሊፕ መስላው እዚያው ይቆርጣታል። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ የፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ውጤት ይመጣል፦ የሬክተም ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ፤ ማለትም በትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል፣ በሬክተም፣ ካሉ ሆርሞን አመንጪ ሕዋሳት የተነሳ ዕጢ። ታማሚው ይደነግጣል። ሐኪሙም «ትንሽ ናት፣ ወጥታለች፣ አታስብ» ይለዋል።

ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። እኛ የምንጽፈው ልክ ስለማይሆንባቸው ጥቂት ሰዎች ነው። እነዚያን ጥቂቶች ከብዙዎቹ የሚለያቸው የዕጢዋ ትንሽነት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሳያነበው መሳቢያ ውስጥ የሚከተው የፓቶሎጂ ወረቀት ነው።

ስሙ ራሱ ሰውን ያሳስታል። በ1907 እ.ኤ.አ. ዚግፍሪድ ኦበርንዶርፈር የተባለ በሙኒክ የሚሠራ የፓቶሎጂ ሐኪም እነዚህን ዕጢዎች «ካርሲኖይድ» አላቸው፤ ካንሰር መሰል፣ ግን ካንሰር ያልሆነ ለማለት ነው። እሱ ራሱ በ1929 ሐሳቡን አስተካክሎ ሊሰራጩ እንደሚችሉ ጻፈ። ስሙ ግን ቀረ፤ ዛሬም በአንዳንድ ወረቀት ላይ ይገኛል፤ «ካንሰር አይደለም» የሚለው ማጽናኛም አብሮት ይዞራል። በተቃራኒው ደግሞ ስሙን ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ታማሚ መጀመሪያ የሚያገኘው የስቲቭ ጆብስን ታሪክ ነው። የእሱ ዕጢ የተነሳው ከቆሽት ነበር። ስማቸው አንድ ቢሆንም የቆሽቱና የሬክተሙ ባሕርይ ይለያያል፤ አንዱን አይቶ ስለ ሌላው መፍራትም መጽናናትም ትርፍ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ለምን ዘግይቶ ያገረሻል?

የመጀመሪያው ምክንያት ዕጢው ዝግተኛ መሆኑ ነው። የሕዋሳቱ የመከፋፈል ፍጥነት ኬአይ-67 በሚባል ቀለም ይለካል። የፓቶሎጂ ሐኪሙ ቀለሙ በብዛት የታየበትን ቦታ መርጦ ቢያንስ 500 ሕዋሳት ይቆጥራል፤ ከመቶው ስንቱ ለመከፋፈል እንደተሰናዳ ይጽፋል። ከ3 በመቶ በታች ከሆነ ግሬድ 1፣ ከ3 እስከ 20 ከሆነ ግሬድ 2፣ ከ20 በላይ ከሆነ ግሬድ 3 ይባላል። ትንንሾቹ የሬክተም ዕጢዎች በአብዛኛው ግሬድ 1 ናቸው። እንግዲህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሕዋስ ብቻ እየተከፋፈለ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቅሪት በምስል እስክትታይ ድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅባት ማሰብ አይከብድም። በሌሎች ካንሰሮች የለመድነው «አምስት ዓመት ካለፈ ድነሃል» የሚባለው መለኪያ እዚህ የማይሠራው ለዚህ ነው። ዕጢው ከወጣ ከ10 ዓመት በኋላ ጉበት ላይ የታየባቸው ታማሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ተዘግበዋል። ብዙ አይደሉም፤ ግን አሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ዕጢዋ የምትቀመጥበት ቦታ ነው። ፖሊፕ ከአንጀቱ የላይኛው ሽፋን ላይ ይበቅላል፤ የሽቦ ቀለበት አስገብቶ ሲቆርጡት ሥሩ አብሮ ይወጣል። ይቺ ግን ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ሽፋን አልፋ ሰብሙኮሳ ወደሚባለው ሁለተኛ ሽፋን ገብታለች። እንደ ፖሊፕ በተራ ቀለበት ስትቆረጥ አናቷ ይወጣና የታችኛው ጠርዟ ይቀራል። በስክሪኑ ላይ ሲታይ ቦታው ንጹሕ ነው፤ ቁስሉ ይድናል፤ ጠባሳው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቀሪው ግን ከጠባሳው ሥር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኮሎኖስኮፒ ተሠርቶ ጠባሳው ላይ በትንሿ መቆንጠጫ ናሙና ቢወሰድና ውጤቱ «ምንም የለም» ቢል፣ መቆንጠጫው ከላይኛው ሽፋን ብዙም ስለማያልፍ ያ መልስ ሙሉ ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጸመው ዕጢዋ ሳትታወቅ እንደ ፖሊፕ ስትቆረጥ ነው። ቢጫ፣ ጠጠር ያለች፣ በመሣሪያ ሲነኳት ከነሽፋኗ የምትንቀሳቀስ እብጠት ሬክተም ውስጥ ስትታይ፣ እጅን ሰብስቦ ቆም ማለት ይሻላል። ናሙና ብቻ ልውሰድ ማለትም የራሱ ጣጣ አለው፤ የ4 ሚሊ ሜትር ዕጢ በሁለት ሦስት ቁንጥጫ ከላይ ተነቅላ ስለምትጠፋ፣ በኋላ ሙሉ በሙሉ ላውጣ የሚል ሐኪም ቦታውን አያገኘውም፤ ቢያገኘውም በጠባሳ ተጣብቆ ይጠብቀዋል። ቢያንስ ፎቶ ማንሳት፣ ከፊንጢጣ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነና በየትኛው ግድግዳ (በፊት፣ በኋላ፣ በግራ፣ በቀኝ) እንዳለች መጻፍ ግዴታ ነው። «ሬክተም ውስጥ» የሚል ማስታወሻ ከሁለት ዓመት በኋላ ለማንም አይጠቅምም።

ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነችው ተስማሚ የሚባሉት ዘዴዎች ከዕጢዋ በታች ጠልቀው የሚቆርጡት ናቸው። ቀላሉና ርካሹ የላስቲክ ማሰሪያው ነው። ከዕጢዋ ሥር ፈሳሽ ይወጋል፤ በኢንዶስኮፑ ጫፍ ላይ የተገጠመው ቆብ ዕጢዋን ከነሽፋኗ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ላስቲኩ ከሥሯ ይለቀቃል፤ ከዚያ የሽቦው ቀለበት ከላስቲኩ በታች ገብቶ ይቆርጣል። ከላስቲኩ በላይ ከተቆረጠ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ያ ተራ የፖሊፕ አቆራረጥ ይሆናል። ሁለተኛው ሰብሙኮሳውን በፈሳሽ አንስቶ ዙሪያውን ቀድዶ በቢላ ጫፍ ከጡንቻው ላይ እየፈለቀቁ ማውጣት ነው፤ ጊዜና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ አንጀቱ ሊበሳም ይችላል። የአንጀቱን ግድግዳ ሙሉ ውፍረት ይዞ የሚቆርጠው መሣሪያ፣ ወይም በፊንጢጣ በኩል የሚሠራው ቀዶ ሕክምና፣ በተለይ ጠባሳን ደግሞ ለማውጣት ይመረጣሉ። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ለሆነው፣ ከመቁረጥ በፊት በኢንዶስኮፒ የሚሠራ አልትራሳውንድና የዳሌ ኤምአርአይ ቀድመው መሠራት አለባቸው፤ በሬክተሙ ዙሪያ ባለው ስብ ውስጥ ያለ ንፍፊት (የሊምፍ ዕጢ) ከተነካ ዕጢዋን ብቻ ማውጣት በቂ አይደለም። ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ወይም ጡንቻውን ከነካ፣ ሌላ ቦታ እስካልተሰራጨ ድረስ ነገሩ ሬክተሙን ከዙሪያው ስብና ንፍፊት ጋር ወደሚያወጣው ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል።

የምንቆረቆርለት ክፍል ግን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዕጢዋ በጥሩ እጅ ወጥታ በፎርማሊኑ (ናሙናውን በሚያቆየው ፈሳሽ) ዕቃ ውስጥ ሁሉ ነገር ይበላሻል። የተቆረጠው ሥጋ እንዳለ ፎርማሊን ውስጥ ከተወረወረ ተጨማድዶ ይጠቀለላል፤ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ አይለዩም። በቡሽ ወይም በስታይሮፎም ቁራጭ ላይ በቀጫጭን መርፌ ተወጥሮ መግባት አለበት፤ የፎርማሊኑ መጠን ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ ሊሆን ይገባል። አገራችን ውስጥ ናሙናውን ተሸክሞ ከክሊኒክ ወደ ላቦራቶሪ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ታማሚው ወይም ቤተሰቡ ነውና ይህን ማወቁ ለእነሱም ይጠቅማል፦ ዕቃው ውስጥ ያለው ፎርማሊን ይሁን፤ ውኃ ወይም ሳላይን አይሁን፤ ሥጋው ሙሉ በሙሉ ይሸፈን፤ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ ስምና ቀን ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ይለዋወጣልና።

የፓቶሎጂ ላቦራቶሪው ደግሞ የታችኛውን ጠርዝ ቀለም ቀብቶ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር እየከታተፈ፣ በሙሉ ያየዋል። ዕጢው ከቀለሙ ምን ያህል እንደራቀ በሚሊ ሜትር ወይም በክፍልፋዩ ይጻፋል። የሽቦው እሳት ጠርዙን አቃጥሎት ማንበብ ካልተቻለ፣ ወይም ዕጢው ቁርጥራጭ ሆኖ ከመጣ፣ ትክክለኛው መልስ «ጠርዙ ሊታወቅ አልቻለም» ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ታማሚውን አያስደስትም፤ ሐኪሙንም አያስደስትም፤ ስለዚህም አንዳንድ ወረቀት ጨርሶ ዝም ይላል። ዝምታውን «ንጹሕ ነው» ብሎ ማንበብ በዚህ በሽታ የተለመደው ስሕተት ነው።

ማቅለሚያዎቹ ላይም አንድ ሁለት ወጥመድ አለ። ክሮሞግራኒን የሚባለው ማቅለሚያ በሌሎች ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢዎች በደንብ ይታያል፤ በሬክተሙ ላይ ግን ደብዝዞ ወይም ጨርሶ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ሲናፕቶፊዚን ካልተጨመረ ዕጢው ሌላ ነገር ሊመስል ይችላል። ወንድ ታማሚ ላይ ደግሞ ይቺ ዕጢ ከፕሮስቴት ለሚመጣ ካንሰር የሚሠራውን አንድ ማቅለሚያ (አሲድ ፎስፌቴዝ) ትቀበላለች፤ ሬክተምና ፕሮስቴት ጎረቤት ስለሆኑ ስሕተቱ ርካሽ አይደለም። ኬአይ-67 ያልተሠራለት ወረቀት ግሬድ የለውም፤ ግሬድ የሌለው ወረቀት ደግሞ ስለ ክትትል ምንም ሊናገር አይችልም።

ዕጢው ወደ ደም ወይም ወደ ሊምፍ ቧንቧ ገብቷል ወይ የሚለውም መጻፍ አለበት። እዚህ ላይ ሚዛን ያስፈልጋል። ቧንቧዎቹን ለይተው የሚያሳዩ ልዩ ማቅለሚያዎች ሲጨመሩ፣ በተራ ማቅለሚያ ያልታየው ይታይና «ገብቷል» የሚባልባቸው ትንንሽ ዕጢዎች ቁጥር በጣም ይጨምራል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በኋላ ምንም አይሆኑም። «ገብቷል» የሚለው ቃል ብቻውን ሬክተም ለማስወጣት ምክንያት አይሆንም። ክትትሉን ለማስረዘም ግን ይበቃል።

ቁጥሩን በጥቅሉ ለማስቀመጥ፦ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑት ከመቶ ሦስት እንኳ አይሰራጩም፤ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከመቶ አሥር ያልፋል፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከግማሽ በላይ ይሆናል። ስለዚህም የአውሮፓም የአሜሪካም መመሪያዎች ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰች፣ ግሬድ 1 የሆነች፣ ሙሉ በሙሉ የወጣች፣ ጡንቻም ቧንቧም ያልነካች ዕጢ የነበረበትን ሰው «ክትትል አያስፈልግህም» ብለው ያሰናብታሉ። እኛም በዚህ እንስማማለን። ያንን ሰው በየዓመቱ ሲቲ ስካን ውስጥ ማስገባት ጨረርና ወጪ ከመጨመር አያልፍም። ክርክራችን ከመመሪያው ጋር ሳይሆን መመሪያውን ግማሹን ብቻ ከሚያነብ ሰው ጋር ነው። «ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች» የሚለው ይነበባል፤ «ሙሉ በሙሉ የወጣች» የሚለው ይዘለላል። ዕጢዋ 7 ሚሊ ሜትር ብትሆንም ጠርዟ ካልታወቀ፣ ወይም ኬአይ-67ቷ 5 በመቶ ከሆነ፣ ወይም አናቷ ላይ ጎድጎድ ያለ ቁስል ከነበራት፣ ትንሽ መሆኗ ያንን መሰናበቻ አያሰጣትም።

እንዲህ ላለው ታማሚ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጠባሳው ራሱ ነው። በኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድና በኤምአርአይ ታይቶ፣ ጠባሳውን ከነሥሩ ደግሞ ማውጣት ብዙ ጊዜ የክትትሉን ጥያቄ ያቀልለዋል፤ በወጣው ጠባሳ ውስጥ ቅሪት ቢገኝም ባይገኝም መልሱ ግልጽ ይሆናል። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ለነበረው የአሜሪካው መመሪያ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ኢንዶስኮፒ ከአልትራሳውንድ ወይም ከኤምአርአይ ጋር ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪሙ ውሳኔ ነው። የእኛ አስተያየት፣ አጠራጣሪ ነገር የተጻፈበት ሰው ቀጠሮው እየተራራቀ ይሂድ እንጂ በ5ኛው ዓመት አይዘጋ፤ ዳሌውና ጉበቱ በኤምአርአይ ይታይ የሚል ነው። ሲቲ ስካን ከተሠራ ደግሞ መድኃኒቱ ከተወጋ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች የሚነሳው የደም ወሳጅ ቧንቧ (አርተሪ) ምስል እንዳይቀር፤ የእነዚህ ዕጢዎች የጉበት ቅርንጫፍ በደም የበለጸገ በመሆኑ አንዳንዴ በዚያ ምስል ብቻ ነው የሚታየው።

በደም ምርመራ መከታተል ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ግን እንቃወማለን። የሬክተም ዕጢ ብዙውን ጊዜ ሴሮቶኒን አያመርትም፤ ስለዚህ ፊት መቅላትና ተቅማጥ የሚያመጣው የታወቀው የካርሲኖይድ ሕመም አይታይበትም፤ ለእሱ የሚሠራው የ24 ሰዓት የሽንት ምርመራም ገንዘብ ማባከን ነው። ክሮሞግራኒን ኤ የሚባለው የደም ምርመራ ደግሞ ትንሽ ቅሪት ሲኖር አይነሳም፤ ምንም ሳይኖር ግን ይነሳል። ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ላይ ይነሳል። የጨጓራ ሽፋኑ የሳሳ ሰው ላይ ይነሳል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይም እንዲሁ። ጨጓራ በየቤቱ ባለበትና ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ በሚገዛበት አገር ይህን ምርመራ አዝዞ ውጤቱን ማመን ታማሚን ለወራት እንቅልፍ መንሳት ነው። የግድ ከተሠራም መድኃኒቱ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይቁም።

በጋሊየም የሚሠራው ልዩ ፔት ስካን በእርግጥ ጠንካራ መሣሪያ ነው፤ ዕጢው ላይ ያለውን የሶማቶስታቲን (የአንድ ሆርሞን) ተቀባይ ይፈልጋል። እሱም ቢሆን የጥቂት ሚሊ ሜትር ቅሪት ሊያመልጠው ይችላል፤ የቆሽት ራስ አካባቢም በጤነኛ ሰው ሊያበራ ስለሚችል ያላየው ሰው «ሁለተኛ ዕጢ ተገኘ» ብሎ ሊያስደነግጥ ይችላል። ጥርጣሬ ሲኖር ይሠራ፤ 6 ሚሊ ሜትር ሆና ሙሉ በሙሉ ለወጣች ዕጢ ውጭ አገር ድረስ ሄዶ ይህን ማሠራት ግን ትርፍ የለውም።

ያገረሸ እንደሆነ ብዙ ጊዜ የሚታየው በሬክተሙ ዙሪያ ስብ ውስጥ ባለ ንፍፊት ወይም ጉበት ላይ ነው፤ አንዳንዴም አጥንት ላይ። ምልክት አይሰጥም። ደም ይታየኛል፣ ያመኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይጠብቃል፤ ደም ቢታይ እንኳ ከኪንታሮት ሊሆን ይችላል። አዲሱ ቦታ ላይ ናሙና ተወስዶ ኬአይ-67 እንደገና ይቆጠር፤ የድሮውን ግሬድ ይዞ ሕክምና መጀመር አይገባም፤ ከዓመታት በኋላ ግሬዱ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላልና። ሕክምና አለ፦ ቦታው ጥቂት ከሆነ ቀዶ ሕክምና ወይም በሙቀት ማቃጠል፤ ከበዛ ኦክትሪዮታይድ ወይም ላንሪዮታይድ በየወሩ የሚወጋ፤ ኤቬሮሊመስ የሚባለው እንክብል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው የሉቴሺየም (ጨረር የሚያወጣ መድኃኒት) ሕክምናም የሶማቶስታቲን ተቀባይ ላለው ዕጢ።

ይህ ለምን የአማርኛ አንባቢ ጉዳይ ይሆናል ለሚል፦ በአሜሪካ የትልቁ አንጀት ቅድመ ምርመራ የሚጀመርበት ዕድሜ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ50 ወደ 45 ወርዷል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን በ45 ዓመታቸው ኮሎኖስኮፒ ይሠራሉ፤ ትንሿም ዕጢ በምርመራው መንገድ ላይ ናት። በአሜሪካ መዝገቦች የሬክተም ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ በጥቁሮችና በእስያ ተወላጆች ላይ ከነጮቹ ይልቅ በብዛት ይመዘገባል፤ ይህ ቁጥር የኢትዮጵያ ተወላጆችን ለይቶ ባይቆጥርም። ከዚያ ሰው ከተማ ይቀይራል፣ ኢንሹራንስ ይቀይራል፣ ጡረታ ወጥቶ አዲስ አበባ ይመለሳል። በ9ኛው ዓመት ጉበቱ ላይ ነጠብጣብ ሲታይ አዲሱ ሐኪም የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ያኔ የወጣው ምን ነበር?» የሚል ነው። «ትንሽ ፖሊፕ» የሚል መልስ ሐኪሙን ከባዶ ያስጀምረዋል።

ስለዚህ ወረቀቱ ቤት ይኑር፤ የኢንዶስኮፒውም የፓቶሎጂውም ሪፖርት። የሚፈለጉት መስመሮች እነዚህ ናቸው፦ የዕጢው መጠን በሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ፣ የታችኛውና የጎን ጠርዙ፣ ኬአይ-67 በቁጥር፣ የደምና የሊምፍ ቧንቧ ሁኔታ፣ ከፊንጢጣ ያለው ርቀት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ላቦራቶሪው እንዲሞላው በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ናሙናው በሰም ብሎክ ተቀምጧልና አዲስ ቀለም ተቀብቶ እንደገና ሊነበብ ይችላል። ብሎኩ ግን ለዘላለም አይቀመጥም። የአሜሪካ የፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ደንብ ላቦራቶሪዎች ቢያንስ 10 ዓመት እንዲያቆዩት ያዛል፤ ከዚያ በኋላ መጣል ይችላሉ። በሌላ ቦታ ከዚያም ሊያጥር ስለሚችል፣ ዕጢዋ የወጣችበትን ላቦራቶሪ «ብሎኩን እስከ መቼ ታስቀምጣላችሁ?» ብሎ መጠየቅና ጊዜው ሳያልፍ መረከብ ይገባል። ብሎኩ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ፣ በደረቅ ቦታ፣ በወረቀት ኤንቬሎፕ ከሪፖርቱ ቅጂ ጋር ቢቀመጥ ይበቃዋል። መኪና ውስጥ ግን አይረሳ፤ ሰሙ ይቀልጣል።

ከአክብሮት ጋር